ሮጃክ የምትናገረው የእህቴ ልጅ

«መምህር፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ! የቀብር ማስታወቂያ አይደለም እኮ፣ ላ!»

የእህቴ ልጅ ካያልቪሊ ስልኳን በትምህርት ቤቱ የባንዲራ ምሰሶ ላይ በፕላስተር ለጥፋ ርዕሰ መምህር አሩናሰላምን ትቀርጻለች። እኔ ጃንጥላ ይዣለሁ።

በማሌዢያ አንድ ካያልቪሊ የሌለችበት የታሚል ቤት የለም። ዓረፍተ ነገሩን በማላይ ትጀምረዋለች፣ በታሚል ትድረዋለች፣ በእንግሊዝኛ ታስወልደዋለች። ከቻይና ጎረቤቶቻችን የለመድናትን «ላ» ደግሞ እንደ ማኅተም መጨረሻው ላይ ትመታበታለች። ያገኘችውን ሁሉ «ማቻ» ትላለች፤ አማቼ እንደማለት ነው። በዚህ ስሌት ክብርት ካያልቪሊ በኢንተርኔት ስልሳ ሺህ አማች አላት። ባለፈው ዓመት የቤተ መቅደሱን ካህን ማቻ አለቻቸው። ካህኑ ምርቃቱን አሳጠሩባት።

ቻይናዊውን ዓሣ ሻጭ ኦንግን በገዛ ቋንቋው ተከራክራ ትልቁን ዓሣ ይዛ ስትወጣ፣ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለኝ።

«የኛ» አልኩት።

ያደግንበት የዘንባባ እርሻ የታሚል ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ተማሪ ብቻ ቀርቶታል። ለመጪው ዓመት አንደኛ ክፍል አምስት ልጅ ካልተመዘገበ ይዘጋል። መምህር አሩናሰላም አንድም ባዕድ ቃል የሌለበት የሁለት ገጽ ጥሪ ጻፉ። ካያል በቪዲዮ አነበበችው፣ በትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ ተለጠፈ። አርባ ሦስት ሰው አየው፤ ሠላሳው ዘመድ ነው። የተመዘገበ አልነበረም።

«ዛሬ በኔ ገጽ፣ በኔ ቋንቋ ልሞክረው» አለች።

«ያንቺ ቋንቋ አይደለም፤ ሮጃክ ነው» አሉ መምህር።

ሮጃክ አናናሱም፣ ማንጎውም፣ ኪያሩም በአንድ ወፍራም ስጎ የሚለወስበት የመንገድ ዳር ምግባችን ነው።

«ሮጃክ አይበሉም እንዴ፣ መምህር?»

«እበላለሁ። አላስተምርበትም።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ አንድ ጦጣ ከጣሪያው ወርዶ መነጽራቸውን ነጠቀ። የሠላሳ ዓመት ንጹሕ ታሚል በአንድ ትንፋሽ ፈረሰ፦

«ዴይ! ባጊ ባሊክ ላ፣ ማቻ! ፕሊስ!»

አንተ፣ መልስ እንጂ፣ አማቼ፣ እባክህ። በአራት ሕዝብ አፍ። ተማሪዎቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ጦጣው መነጽሩን ጣለው።

ስልኩ ሁሉንም ቀርጿል። ካያል ከምሰሶው ነቅላ ለመምህር ሰጠቻቸው።

«አጥፊው ካሉኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ቃሌ ነው፣ መምህር።»

«ማቻ» አላለችም። «ላ»ም አላለችም።

መምህር ሁለት ጊዜ አዩት። ጆሯቸው ቀላ።

«ስንት ሰው ያየዋል?»

«ብዙ።»

«ይስቁብኛል።»

«አዎ፣ ይስቃሉ።»

«የትምህርት ቤቱ ስም ይታያል?»

«ከኋላዎ ነው፣ በትልቁ።»

መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው አጠለቁ።

«ልቀቂው።»

ሁለት መቶ ሺህ ሰው አየው። የተሳደበም ነበር። አብዛኛው ግን «እኔም የምጮኸው እንዲሁ ነው» ብሎ ጻፈ።

ትምህርት ሲጀመር ስድስት ልጆች ተመዘገቡ። አንዷ የኔ ልጅ ናት። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል።