ደጃቸው የቆምኩባቸው ቤተ መቅደሶች

ለእረፍት ሄዶ ደክሞት የሚመለስ ሰው ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ከሕንድ ተመልሼ ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ ቤቴ እንደገባሁ ሁለት ቀን ተኛሁ። እግሬ ግን እስካሁን አልተኛም።

ጥፋቱ የራጉ ነው። ሕንዳዊ ነው፤ ዙሪክ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ አብረን ድስት ስናጥብ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። «ዘንድሮ ፌሪየንህን፣ የዓመት እረፍትህን፣ እናቴ ጋ ታሳልፋለህ» አለኝ። እናቱ የሚኖሩት ሂንዱዎች ከሩቅ እየመጡ በሚሳለሙበት የወንዝ ዳር ከተማ ነው። እኔ የፈለግኩት እንቅልፍ ነበር። እሳቸው መኪና ተከራይተው ጠበቁኝ። በቀን ሦስት ቤተ መቅደስ፣ ከዚያ አንድ የጥንት ነገሥታት ግንብ።

በመጀመሪያው ቀን እኔንና ራጉን ቁርስ አብልተውን ሦስታችንም ወጣን። ቤተ መቅደሱ በር ላይ ማንም ሳይነግረኝ ጫማዬን አወለቅኩ። እናትየው «ጨዋ ያሳደገው ነው» ማለታቸውን ራጉ ተረጎመልኝ። እነሱ ገቡ። እኔ ደጅ ቆምኩ።

ምን ላድርግ? በልቻለሁ። እኛ ዘንድ የበላ ሰው ደጅ ይቆማል። የሌላ ሰው እምነት ነው ብዬ ደንብ ላፍርስ? ይህንን ማስረዳት ደግሞ አልወድም። በልጅነቴ ብዙ ጠያቂ ገጥሞኛል፤ ከዚያ ወዲህ መልሴ አጭር ነው። ራጉን «እዚህ ይሻለኛል» አልኩት።

እናትየው ያስቀየሙኝ መሰላቸው። በማግስቱ ቁርሱን እጥፍ አደረጉት። ጠግቤ ደጅ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ጣፋጭ ተጨመረ። በአራተኛው ቀን ኩርፊያ ገባ፤ ማብላቱ ግን አልቀረም።

«እናቴ አልቅሳለች» አለኝ ራጉ ግንቡ ጋ ስንደርስ። «እምነታችንን ከናቅክ ንገረኝና ዙሪክ ስንመለስ ሌላ ፈረቃ ልጠይቅ።»

ያኔ አስጎብኚው የምድር ቤቱን እስር ቤት ከፈተ። እዚያም አልገባሁም።

«ይሄንንስ ምን ጠልተህ ነው?»

«ውስጡን አውቀዋለሁ» አልኩት። ሃያ ሳይሞላኝ እንዲህ ባለ ክፍል ሰባት ወር ተቀምጫለሁ። ለእናንተም ከዚህ በላይ አልናገርም።

ራጉ ክንዴን ይዞ ከበሩ አራቀኝ። ያኔ «ቤተ መቅደሱ ግን በቁርሱ ምክንያት ነው» ብዬ አስረዳሁት። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ እናትየው ውሃ እንኳ ከለከሉኝ። በባዶ ሆዴ ገባሁ። ካህናቸው እፍኝ ጣፋጭ መዳፌ ላይ አኖረ። እናትየው በእጃቸው «ብላ፣ ብላ» አሉኝ። ፊታቸውን አይቼ በላሁ። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ከበላሁ በኋላማ ምን ይደረጋል? ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት እናትየው ጄኔቫ መጡ፤ ሴት ልጃቸው እዚያው አጠገብ ካሩዥ ትኖራለች። እሑድ እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ልወስዳቸው ከዙሪክ በጠዋት ተነሳሁ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ነው። እንቅልፌ አላስችል ሲለኝ ባቡር ውስጥ ቡና ጠጣሁ። ስለዚህ ሦስታችን ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ እኔ ደጅ ቆምኩ።

ልጃቸው ጆሮዬ ላይ «ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፣ ላንተ ብለው» አለችኝ። እናትየው በሩን አዩ። እኔን አዩ። ከቦርሳቸው ያንን የቤተ መቅደሱን ጣፋጭ አወጡ፤ ግማሹን ሰጡኝ፣ ግማሹን እሳቸው በሉ።

አጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበር ነበር። ተቀመጥን።