ክቡር ሊቀመንበር ይገረምና የጸሎቱ ርዕስ

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተገናኘበት አገር ሁሉ አንዱ ሊቀመንበር ነው፤ ከቀሩት አንዱ ጸሐፊ፣ ሌላው አኩራፊ። በጆሃንስበርግ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ምሁራን ማኅበር ጸሐፊ ሊሊ ነበረች። ማኩረፉንም ደርባ የያዘችው እሷው ናት።

ሊቀመንበሩ ክቡር ይገረም ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ ከሚሉት ከእናቱ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ጀርባ ያደገ የምህንድስና ተማሪ ነው። ካፍቴሪያ ገብቶ ቺፕስ ሲያዝ እንኳ «በማኅበሩ ስም» ይላል። ከሊሊ በቀር ማንም ባልመጣበት ስብሰባ ላይ «የተከበራችሁ ታዳሚዎች» ብሎ ጀመረ።

«ይገረም፣ እኔ ብቻ እኮ ነኝ!»

«አንቺስ አልተከበርሽም?» አላት። ምን ታድርገው?

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው ቁርጡን ተናገረ፤ በቅዳሜው ጠቅላላ ጉባኤ የአባላቱ ግማሽ ካልተገኘ ማኅበሩ ይሰረዛል፣ የመሰብሰቢያ ክፍሉንም ይነጠቃል። ቅዳሜ ደግሞ አባላቱ የወላጆቻቸውን ሱቅ የሚጠብቁበት ቀን ነው። ሊሊ በዋትሳፕ ብትለምን የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ጎረፈላት። አንጀቷ አረረ። አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች፣ ማንም ሳይስቅባት የምታወራው እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር።

ክቡርነታቸው ግን እሑድ ጀፕስታውን ሰፈር ያለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ገብተው፣ ሽማግሌው «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲሉ ብድግ አሉ።

«ወገኖቼ፣ ቅዳሜ የሚሞትብን አለ!»

ምእመኑ «ጌታ ሆይ!» እያለ በጸሎት ተነሣ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ሊሊ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ከ«አሜን» በኋላ የቶኮዛ ሰፈሯ ባለሱቅ እትዬ ኤርጎጌ እንባቸው እየወረደ ወደ ይገረም መጡ።

«ማነው የታመመው፣ ልጄ?»

«ማኅበራችን ነው፣ እትዬ። ቅዳሜ ልጆችዎን ከሱቅ ከለቀቁልን ይድናል።»

«ለዚህ ነው ያስለቀስከኝ? ቆይ አንተን!» አሉ። የተጸለየበትን ነገር ግን እንዴት አድርገው ይተዉታል? ሌሎቹም እናቶች እንደዚያው።

ቅዳሜ ከቶኮዛም ከሶዌቶም የመጡ ታክሲዎች እናቶችን አራገፉ፤ ሱቁን ለአባቶች ጥለው፣ ልጆቻቸውን ከፊት እየነዱ። ክፍሉ ጠበበ። ልትቆጥር የመጣችው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ግራ ተጋብታ «እነዚህም አባላት ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«የክብር!» አላት ይገረም።

ተማሪዎቹ ብቻቸውን ተቆጥረው እንኳ ከግማሽ በላይ ሆኑ። ማኅበሩ ዳነ! እልልታው ሲቀልጥ የጥበቃ ሠራተኞቹ ተደንቀው «ሃዉ!» እያሉ በበሩ ብቅ አሉ።

የሊቀመንበር ምርጫው ደረሰ። ሊሊ ወንበሩን ከይገረም ልትነጥቅ ቆርጣ ነበር የመጣችው፤ ጓደኞቿም ያውቃሉ። «ሌላ ዕጩ አለ?» ሲባል ሁሉም ወደሷ ዞረ። እሷ ግን ይገረምን አየችው። ክቡርነታቸው የተቀመጡበትን ወንበር ለእትዬ ኤርጎጌ ለቀው፣ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ፣ ንግግራቸውን ገና «የተከበራችሁ» ላይ ጥለው፣ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። ለካስ ትወደዋለች፣ ይሄን ጉደኛ!

«ዕጩ የለም» አለች ጮክ ብላ። «ከሱ ሌላ ማን ይችለናል?»