የአቶ ሰይፈ ቀኝ ትከሻ

የምሥራች! እስቲ መጀመሪያ «ምሥር ብዪ» በሉኝ። እጅ ተነሥቷል። ቀኝ እጅ ነው፤ ከደረት አልፎ፣ ከጆሮ አልፎ፣ ጣቶቹ የአዳራሹን ቆርቆሮ እየጠቆሙ ወጥቷል። በዓይኔ በብረቱ አይቼ መምጣቴ ነው። የማን እጅ እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሞ ግን የሰውየውን ዓይነት ዕወቁልኝ።

በዚህ አገር እጅ አውጪ የሌለው ቀበሌ የለም። አለ ከተባለም ስብሰባ ያልደረሰበት ቀበሌ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በዘመናችን አልተገኘም። እጅ አውጪ ማለት ሰብሳቢው «ሐሳቡን የምትደግፉ» ብሎ ትንፋሹን ሳይመልስ እጁ ከሕዝቡ በላይ የሚታይ ሰው ነው። የቀረነው እሱን አይተን እናወጣለን። በፍኖተ ሰላም የእኛ ሰፈር ይህን ታላቅ ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ሰይፈ ናቸው። ከግብርና መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ያረፉባቸው፣ በሐሩርም በዝናብም ኮታቸው ከላያቸው የማይወርድ ሰው።

አንድ ጊዜ ትዕዛዙ የሚባለው ሰብሳቢያችን ስለ መንገድ ማስፋት የቀረበ ሐሳብ አንብቦ ድጋፍ ጠየቀ። አቶ ሰይፈ እንደ ልማዳቸው ቀደሙ። ካወጡ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «እደግፋለሁ፤ ምን ነበር ሐሳቡ?» አሉኝ። ሐሳቡ የገዛ አጥራቸው ነበር። በሳምንቱ ከነኮክ ዛፉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ልጅ ለእራት ሲጠራ እንኳ «እደግፋለሁ፤ ምን ነበር ሐሳቡ?» እያለ ይመጣል።

ሳቅን እንጂ ነገሩስ የሚያስቅ አልነበረም። ጠላ ሻጮቹ ከአደባባዩ የተነሡት በዚያች እጅ ነው። የነእጅጉ ጓሮ ለሼድ የተወሰደውም በዚያች እጅ ነው። እርግጥ ሌላም እጅ ሞልቶ ነበር፤ የእሳቸው ትቀድማለች እንጂ።

ታዲያ አንድ ክረምት ይህች እጅ እምቢ አለች። መጀመሪያ ኮታቸውን ሲለብሱ ጠቅ አደረጋቸው። እየዋለ እያደረ ከአንገታቸው ሥር ተነሥቶ፣ ትከሻቸውን አልፎ እስከ ክርናቸው የሚለበልብ ሕመም ሆነ። በቀኝ ጎን መተኛት ቀረ። ወጌሻ አሻቸውና ባሰባቸው። ጠበሉም፣ የተነጠረው ቅቤም፣ ክኒኑም ተሞከረ፤ ትከሻው ግን እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ ቀረ።

ኮት የምታለብሳቸው ጎረቤታቸው ወይኒቱ ሆነች። ወይኒቱ በወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር ከሌሎች ሴቶች ጋር ለሰው በርበሬ እየወቀጠች የምታድር ናት፤ በበርበሬ ወራት ከቡሬ ሳይቀር ጆንያ ይመጣላታል። ጧት ወደ ሙቀጫዋ ስታልፍ ጎራ ትልና የታመመውን እጅ አስቀድማ፣ ደኅናውን አስከትላ በእጅጌው ታገባለች። ዝም ብላ አታለብስም ታዲያ።

«አያ ሰይፈ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ዘነዘና አንሥቼ ትከሻዬ አለ። እርስዎ ባዶ እጅ እያነሡ እንዴት ቀደሙኝ?»

«ባዶ አይደለም፤ ድጋፍ አለበት» ይሏታል፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

በግራ ለምን አያወጡም እንዳትሉኝ። በግራ እጅ ለእንግዳ ውኃ እንኳ አይሰጥም፤ ለመንግሥት ድጋፍ በግራ ሊሰጥ ነው? በመጀመሪያው ስብሰባ ቀኙን በግራቸው ደግፈው እስከ ደረታቸው አደረሱት። ትዕዛዙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ድጋፍ ነው ወይስ ሰላምታ ሲል ጠየቃቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ጭራሽ አልተነሣም። በሦስተኛው ላይ ሰው ከአጠገባቸው ፈቀቅ ብሎ መቀመጥ ጀመረ። አኩርፈዋል ተባለ። ልባቸው ሌላ ጋ ነው ተባለ። የአንድ ለአምስት ባልደረቦቻቸው በመንገድ ሲያገኟቸው ሰዓታቸውን ማየት አበዙ፤ የስኳር ኩፖናቸውም ይጣራ ተብሎ ቆመ። ይባስ ብሎ ጠጅ ቤት ውስጥ አንድ የማያውቁት ጎረምሳ «ለጀግናው» ብሎ ብርሌ ላከላቸው። ብርሌውን ሳይነኩ በጓሮ በር ወጥተው ቤታቸውን ቆለፉ።

ሕመሙስ ይቻል ነበር። ያልቻሉት ተቃዋሚ መባልን ነው። በሃያ ዓመት ድጋፍ የገነቡት ስም በአንድ ትከሻ ሊናድ ሆነ። ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ስፔሻሊስት ፊት የቀረቡት ለትከሻቸው ብለው እንዳይመስላችሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። በዚህ እጅ ምን ሥራ ይሠሩ ነበር ብሎ ጠየቃቸው።

«ስብሰባ» አሉት።

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳቸው። በትከሻ አጥንት ጀርባ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እሱ አጠገብ የሚያደነዝዝና ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል። አቶ ሰይፈ መርፌ ጅማት ነክቶ ሽባ ያደረገው ሰው ከመራዊ እስከ ቡሬ ቆጥረው ነገሩት። ሐኪሙም፣ ነርቩ እንዳይነካ በመሣሪያ እያየ እንደሚወጋ፣ እንዲያም ሆኖ መርፌው ብቻውን እንደማያድን አልደበቃቸውም። ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት ያስተኛዋል፤ ሕመሙ ተኝቶ ሳለ ክርናቸው ጆሯቸውን እስኪነካ ድረስ እጁን ካላሠሩት ትከሻው ተመልሶ ይቆለፋል።

ተወጉ። በዚያው ዕለት አውቶቡስ ላይ በቀኝ ጎናቸው ተደግፈው ተኙ፤ ረዳቱ ነው ፍኖተ ሰላም ላይ የቀሰቀሳቸው። ከዚያ ጧት ማታ ግድግዳቸው ፊት ቆመው በጣቶቻቸው ሽቅብ መውጣት ሆነ ሥራቸው። ወይኒቱ በርበሬ ባቀላው ጣቷ የደረሱበት ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሲለግሙ፣ ሙቀጫ አጠገብ አምጥቼ ዘነዘና አስይዝዎታለሁ እያለች ታስፈራራቸዋለች። ሁለተኛ መርፌ አስፈለገ፤ እሱንም ተወጉ። ቀዩ ምልክት ከመስኮቱ በላይ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ጧት ወይኒቱ ስትገባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆልፈው ጠበቋት። እሷም በሩ ላይ ቆማ፣ «እንግዲህ ከሥራ አባረሩኝ» ብላ ሄደች።

አቶ ሰይፈ ስብሰባውን እንደ ሠርግ ቀን ናፈቁት። ጢማቸውን ተላጭተው ከፊት ተቀመጡ። ዛሬ ጧት ነው ይሄ። ትዕዛዙ እንኳን ለዚህ አበቃዎ አላቸው፤ ቤቱ አጨበጨበ። ሰው ወደ አጠገባቸው ተጠጋ። ስማቸው ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያ ሐሳቡ ተነበበ። በወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር በርበሬ የሚወቅጡ ሴቶች የከተማውን ገጽታ ስለሚያበላሹ ከቅዳሜ ጀምሮ ይነሡ ይላል። ወዴት ይሂዱ የሚል የለበትም። ሴቶቹም አልተጠሩም፤ በዚያች ሰዓት እየወቀጡ ነበር።

«ሐሳቡን የምትደግፉ።»

ዓይን ሁሉ ወደ አቶ ሰይፈ ዞረ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ናት። ትንሽ ተጠበቀ። ከኋላ አንዱ አወጣ፤ ሌላው ተከተለ፤ አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። የእሳቸው አልተንቀሳቀሰችም። ትዕዛዙ ክፉ ሰው አይደለም፤ አዘነላቸው። ቆጣሪውን፣ አቶ ሰይፈንም አብረህ ቁጠራቸው፣ የትከሻ ሕመማቸው ተነሥቶባቸው ነው አለው።

አያችሁ? ዝም ብለው ቢቀመጡ ይበቃቸው ነበር። ኩፖኑም፣ ስሙም፣ ሁሉም በእጃቸው ነበር። ኮታቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«ትከሻዬ ደኅና ነው» አሉ።

ትዕዛዙ የሚቃወም አለ ወይ ብሎ የመጠየቅ ልማድ ስላልነበረው ቃሉን ሲፈልግ ቆየ። ጠየቀ። ያቺ እጅ ያን ጊዜ ነው የተነሣችው። ከተቆጠረች በኋላም አልወረደችም፤ ይበቃል፣ ያውርዱት እስኪባሉ ድረስ።

ሐሳቡስ? አልፏል። በአንድ ተቃውሞ ብቻ አልፏል። ቅዳሜ ይነሣሉ። አንዲት እጅ ያን ያህል አትከለክልም፤ እኔም ይህን ሳላውቅ አይደለም የምደሰተው።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ይቆጩ ይሆን ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ሐኪሙ ያዘዘው ነገር ነው ያሳሰባቸው።

«አንቺ፣ ክርኔ ጆሮዬን ነክቶ ነበር?» አሉኝ።

ነክቷል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ያቺን የማትረባ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። ሃያ ዓመት ሙሉ የታዘብኳቸውን ሰው እንዲህ ከኋላ ቆሜ እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው።

በሉ እንግዲህ ልሂድ፤ ሌላውን እናንተ ጨርሱት። መጥፎውን ወሬ ለወይኒቱ የሚያደርስ አይጠፋም፤ ደብዳቤ ይዞ የሚሮጥ ሞልቷል። ይሄኛውን ግን ከእኔ በቀር የሚነግራት የለም፤ የዘነዘናው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፣ ሳይቀድሙኝ ልድረስባት።