የጋሼ ሰይድ ቮልስ

አሮጌ መኪና የሚወድ ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? ካልነበራችሁ ወገባችሁ ደህና ነው። እኔ በሰው አገር፣ ሬይኖልድስበርግ በምትባል ከተማ የጋሼ ሰይድ ጎረቤት ነኝ።

ጋሼ ሰይድ አገር ቤትም እዚህም የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው፣ "የራሴ ቮልስ" እንዳሉ የሸበቱ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ከአንድ ገበሬ ግቢ የዛገ ቮልስ ጎትተው አመጡ። ስድስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሲፈቱት ሲገጥሙት፣ የባለቤታቸው የእትዬ ዘይነባ መኪና ውጭ በረዶ ሲወርድበት ከረመ።

"ይሄ ቆርቆሮ የተነሳ ቀን ለዒድ ሶላት በሱ እሄዳለሁ" ይሉ ነበር እትዬ ዘይነባ፣ እንደማይነሳ እርግጠኛ ሆነው።

የዒድ ጠዋት ጋሼ ሰይድ ኮል አደረጉልኝና ሄጄ፣ እሳቸው መሪውን ይዘው እኔ ቮልሱን ከኋላ ገፋሁ። እትዬ ዘይነባም አዲስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አብረውኝ ገፉ። ሦስተኛው ቤት ጋ ቮልሱ አስነጠሰና ተነሳ! ከቆመ ግን ይጠፋል። ስለዚህ ጋሼ ሰይድ ሰፈሩን እየዞሩ በመስኮት ይጮኻሉ፦

"ዘይነባ፣ እየሄደ ግቢ!"

"የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ እንዴ የምዘልልህ?"

በአራተኛው ዙር እትዬ ዘይነባ ተስፋ ቆርጠው ወደ ራሳቸው መኪና ማምራት ጀመሩ። ጋሼ ሰይድ ይህን ሲያዩ አጠገባቸው ደርሰው ፍሬን ያዙ። ስድስት ዓመት የተለፋበት ሞተር ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ወረዱና በሩን ከፈቱላቸው።

እትዬ ዘይነባ ባላቸውን ትክ ብለው አዩና ገቡ። ከዚያም ሻሻቸውን እያስተካከሉ በመስኮት ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ቆመህ ታየናለህ? ሶላት ሊያመልጠን ነው፣ ግፋ እንጂ!"