የበርበሬ ዋጋ እንዳለፈው ሳምንት ነው

ብዙ የኖረ ብዙ ያውቃል የሚሉ ሰዎች እኔ የምሠራበትን የገበያ ዋጋ ጋዜጣ ያላዩ ናቸው። እናንተማ ታውቁታላችሁ... ባታነቡት እንኳ በርበሬ ተጠቅልሎበት ቤታችሁ ይገባል።

ሰኞ ዕለት አዘጋጃችን ጋሼ በላቸው ጠሩኝ። «ጋዜጣችን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ታሪኩን ጻፍ፤ መኳንንቱ ባሉበት ግብዣ ላይ ይነበባል። ካማረ ደሞዝህን እጨምርልሃለሁ።»

ይህችን ቃል ስድስት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ለባለቤቴ ብነግራት ጭማሪውን እዚያው ቁጭ ብላ እስከ ፋሲካ ድረስ አውጥታ ጨረሰችው።

የድሮ እትሞች ፍለጋ መጋዘን ብገባ አንድም የለም። ዘበኛው «በኪሎ ተሸጡ እኮ» አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው። ታሪካችን በርበሬ በረንዳ ወርዷል ማለት ነው። እኔም ተከትዬው ወረድኩ።

በርበሬ ቸርቻሪዋ እትዬ ዘነበች ከጆንያቸው ኋላ ክምሩን አወጡልኝ። «አንብበህ መልስ፣ መጠቅለያዬ ነው» አሉኝ። እያስነጠስኩ ማገላበጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው እትም «የበርበሬ ዋጋ እንዳለፈው ሳምንት ነው» ይላል። ልብ አድርጉ፣ የመጀመሪያው! ያለፈው ሳምንት ከየት መጣ? የአሥረኛው ዓመትም ያው ነው። ያለፈው ሳምንቱም ያው... እሱን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ዋጋውን ከጥንት ጀምሮ የሚነግሩን አንድ ሰው ናቸው፣ ጅምላ ነጋዴው ሐጂ ስሩር። በቀጥታ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ሐጂ፣ በየሐሙሱ ስጠይቅዎ ‹እንዳለፈው ነው› ይሉኛል። ከየት አይተው ነው?»

«ከጋዜጣችሁ ነዋ» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «የታተመ ነገር ይዋሻል እንዴ?»

«የሚሸጡትስ በዚሁ ዋጋ ነው?»

«እሱማ ሌላ ነው። የምሸጥበትን ለጋዜጣ ከነገርኩ ምኑን ነጋዴ ሆንኩት፣ ልጄ?»

እውነቱን ብጽፍ ደሞዝ ሊጨመር ቀርቶ ደሞዝ የሚባል ነገርም አይኖር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ «ጋዜጣችን ሃያ ዓመት ሙሉ ከቃሉ ፍንክች አላለም» ብዬ ጻፍኩ።

መኳንንቱ አጨበጨቡ። ጋሼ በላቸው በደስታ ዕንባቸው መጣ። በማግስቱ ቢሯቸው ገብቼ፣ እጄን አጣምሬ፣ «ጋሼ፣ ያ የደሞዙ ነገርስ?» አልኳቸው።

«አንተው እንደጻፍከው ከቃላችን ፍንክች አንልም፣ ልጄ» አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «ደሞዝህ እንዳለፈው ነው።»