መቶ ሃያ ስድስት ገብተው መቶ ሃያ ስድስት ሲወጡ

ሰው መጥራት ቀላል ሥራ የሚመስላችሁ ጠርታችሁ ስለማታውቁ ነው። አንድ ሰውማ ማን ይቸገራል? ስሙን ታነሣላችሁ፣ ዘወር ይላል፣ አለቀ። መቶ ሃያ ስድስት ቤት መጥራት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ የእድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማለዳ ተነሥቼ፣ ጸሎቴን አድርሼ፣ በየደጁ እየቆምኩ «የአቶ እገሌ ቤት!» ስል ኖሬያለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ይሁን እንጂ የትኛው ቤት በጩኸት እንደሚጠራ፣ የትኛው ደግሞ በሩ ተንኳኩቶ ቀስ ተብሎ እንደሚነገረው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ምሁር ካለ ይምጣ።

ታዲያ ሰፈሩ ለልማት ተነሣና ሰዉ ከተማው ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። የእኔ ጡሩምባ እስከዚያ አይሰማም። የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ግን ድልድዩ ጥግ ባለችው ቤት እንደተቆለፈባቸው ቀሩ። ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተጠራ፤ ሁለቱንም ጊዜ ግማሹ እንኳን አልመጣም። ደንባችን ደግሞ በሦስተኛው ከግማሽ በላይ ካልተገኘ እድሩ ይፍረስ ይላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች አጥር ለአጥር የሚኖሩ ስለነበሩ፣ ሰው ከስብሰባ የሚቀረው ሲሞት ብቻ ይመስላቸው ነበር። እንግዲህ ስድሳ አራት ሰው ያስፈልገናል።

የእድሩ ዳኛ አቶ ግርማ ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የተሰናበቱ ሰው ናቸው፤ መሰረዝ ይወዳሉ። የሞቱትን ከመዝገቡ እናውጣ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ግማሹም ያንሳል አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ መዝገብ የሚሰፍረው የአባወራው ስም ነው። አባወራው ሲሞት ሚስትየው ትቀጥላለች፣ ስሙ ግን እዚያው ይቀመጣል። ማንም አልወሰነውም፤ እስክሪብቶ አንሥቶ ሊሰርዝ የደፈረ ስለሌለ ብቻ ነው። እኔም አቶ ታደሰ ከተቀበሩ በኋላ «የአቶ ታደሰ ቤት!» ማለቴን አልተውኩም። ስለዚህ ለአቶ ግርማ፣ ስም ሲሰረዝ ቤት ይሰረዛል፣ አይሆንም አልኳቸው።

ቤተልሔም ያደገችው እኔው ስጮህ እየሰማች ነው። ዛሬ ኮምፒውተር የሚታዘዝበትን ጽሑፍ ጽፋ የምታድር ልጅ ናት። ሰዉን በስልክ መልእክት እንድትጠራልኝ ለምኛት ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ ካፌ ተቀመጥን፤ እሷ ማኪያቶዋን፣ እኔ ሻዬን። ስሙንና ስልኩን ከመዝገብ እያነበብኩላት ጻፈች። ከዚያ ሥራውን ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ እንደምታደርገው ነገረችኝ። ማፕ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ዝርዝሩን ይዞ ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። እሷ መቶ ሃያ ስድስት መልእክት አትጽፍም፤ አንድ ስም ሲደርስ ምን እንደሚደረግ አንዴ ብቻ ጽፋ ትሰጠዋለች። እሱን ኮልባክ ይሉታል። ማፕ በየስሙ እየቆመ ያንን ኮልባክ ይጠራዋል፤ ኮልባኩ ስሙን ይቀበላል፣ ወደ መልእክት ለውጦ ይመልሳል።

ገባኝ። በየደጁ የሚቆመው ማፕ ነው፤ በየደጁ የሚባለው ኮልባክ ነው። እኔ ለካ ሠላሳ ዓመት ሁለቱንም ነበርኩ!

መጀመሪያ ስትሞክረው ስክሪኑ ላይ «ያልታወቀ» ማለት ነው ያለችኝ የእንግሊዝኛ ቃል መቶ ሃያ ስድስት ጊዜ ተደረደረ። ሳቀች። ሥራውን አዝዛው ውጤቱን መልስ ማለት ረስታ ኖሯል። አይፈረድባትም፤ እኔም ሰው ልኬ መልሱን አምጣልኝ ሳልል ቀርቼ ባዶ እጁን የተመለሰብኝ ጊዜ አለ። አስተካከለችው። መቶ ሃያ ስድስት ስም ገባ፣ መቶ ሃያ ስድስት መልእክት ወጣ። አንድም ቤት አልተሰረዘም። አቶ ግርማን እያሰብኩ ሻዬን ጠጣሁ።

ከተላከ በኋላ ነው የመጀመሪያውን ጮክ ብላ ያነበበችልኝ።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ታደሰ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ቤት ራስዎ በአካል ይገኙ። ወኪል አንቀበልም።»

የመጨረሻዋን ያስጨመሩት አቶ ግርማ ናቸው። አቶ ታደሰ ግን ከሞቱ ስምንት ዓመታቸው። አሥራ ዘጠኝ የሞተ ሰው በአካል እንዲመጣ ጠርተናል፤ ስልኮቹ ደግሞ የሚስቶቻቸው ናቸው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዝርዝሩ እኮ አልተነካም» አለች ቤተልሔም። «ማፕ አዲስ ዝርዝር ይሠራል እንጂ የድሮውን አይነካም።»

«መልእክቱስ?»

«እሱማ ሄዷል።»

ተነሥቼ ጊዮርጊስ ደጅ ቆምኩ። ጌታዬ፣ እድሩ ባይተርፍ እንኳ የሴቶቹን እንባ አታሳየኝ አልኩ።

እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ የእድሩን ቤት ስከፍት፣ እትዬ ፀሐይ፣ የአቶ ታደሰ ባለቤት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሦስት ታክሲ ይዘው ነው የመጡት። አቶ ግርማ እጅ ነሡና ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ፀሐይ ቀደሟቸው።

«ወኪል አትቀበሉም ብላችኋል። ቢሆንም ታደሰ አልተመቸውምና እኔን ልኮኛል።»

አቶ ግርማ «ይቅር ይበሉን» አሉ።

«ተዉት» አሉ እትዬ ፀሐይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስምንት ዓመት ሙሉ ባሌን ጤና ይስጥልኝ ያለው ሰው የለም።»

ከኋላቸው የሌሎቹ ሟቾች ሚስቶች መጡ። ግማሾቹ ሊቆጡ፣ ግማሾቹ ሊስቁ፤ ግን ሁሉም መጡ። በር ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ሰባ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኙ ባይመጡ ስድሳ ነበርን፣ እድራችንም ይፈርስ ነበር። ልንሰርዛቸው የነበሩት ሰዎች አተረፉን። አቶ ግርማ ራሳቸው ተነሥተው፣ የሟቾቹ ስም ባለበት ይኑር፣ አጠገቡ የሚስቶቹ ስም ይጻፍ አሉ፤ ጭብጨባው ድልድዩ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። ቤተልሔም እዚያው ተቀምጣ ኮልባኩን ለወጠችው። አሁንም መቶ ሃያ ስድስት ገባ፣ መቶ ሃያ ስድስት ወጣ።

ስንለያይ እትዬ ፀሐይ ክንዴን ያዙ።

«ወልዴ፣ ታደሰ በሕይወቱ ስብሰባ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እስኪሞቱ ድረስ በራቸው ላይ ስነፋ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ መጥተው አያውቁም። ዘንድሮ ግን ከሁሉም ቀድመው ላኩ።