ኩኪ አጥፊው ጋሽ በላቸው

እናንተዬ፣ ኢንተርኔትን እንደ ሌባ የሚፈራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ያለ ሳይበር ካፌ ውስጥ አጋጥሞኛል። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ጋሽ በላቸው ኢሜይሉን ከመክፈቱ በፊት ኩኪውን፣ ማለትም ድረ ገጾች ኮምፒውተሩ ላይ ስለሱ የሚያስቀምጡትን መረጃ፣ ያጠፋል፤ ሲጨርስ የከፈታቸው ገጾች የተመዘገቡበትን ሂስትሪ ይጠርጋል። ብራውዘሩ «የይለፍ ቃልህን ላስታውስልህ?» ሲለው፣ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ብሎ ይቆጣዋል።

አንድ ቀን የካፌው ኢንተርኔት እንደተቋረጠ ሚስቱ ከአዲስ አበባ ደወለች። የዕቃ ማዘዣውን ከኢሜይሉ አውጥታ ለጉምሩክ ካላሳየች ዕቃው ሊወረስ ነው። ስልኩ ስለሚቆራረጥ ጋሽ በላቸው የይለፍ ቃሉን እየጮኸ ነገራት።

«ሰላማዊት! ሰላማዊት ነው የምልሽ!»

የካፌው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። የሚስቱ ስም አልማዝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለንና!

«ሰላማዊት ደግሞ ማናት?» የሚለው የአልማዝ ድምፅ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ።

ጋሽ በላቸው ላቡን ጠረገና፣ «ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የመረጠልኝ» አላት።